ሙሽራ በምን ትመሰላለች?

የተከበራችሁ ወላጆቻችንና የማኅበረሰባችን ሽማግሌዎች፣

እኛ በሐዴራ ከተማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቅርስ ትምህርት የምንማር ተማሪዎች ነን። የተወለድነው እዚሁ እስራኤል ነው። በትምህርት ቤት የምንማረው በዕብራይስጥ ሲሆን አማርኛን የምናውቀው ከእናንተ አፍ ነው። ስለዚህ በጽሑፋችን ውስጥ ስሕተት ብታገኙ እንደ ልጆቻችሁ ቆጥራችሁ እንድታርሙን በትሕትና እንጠይቃለን።

በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው ግጥምና ዘፈን ሙሽራን ከምን ከምን ጋር እንደሚያነጻጽሯት፣ ለምንስ እንደዚያ እንደሚያደርጉ ነው። ርእሱን የመረጥነው ከመጽሐፍ አይደለም። ከአንድ ሠርግ ነው ያገኘነው።

ነገሩ እንዴት ተጀመረ

ባለፈው ዓመት በትልቁ እረፍት የአንዲት ጓደኛችን ታላቅ እህት ሐዴራ አጠገብ በሚገኝ አዳራሽ ተዳረች። የሑፓው ሥርዓት አለቀ፣ ምግብ ቀረበ፣ ጭፈራውም ደመቀ። በመካከል ሙዚቃው ዝም ሲል የሙሽራዋ አያት ተነሡ። ነጠላቸውን አደግድገው፣ እያጨበጨቡ ለልጅ ልጃቸው መዝፈን ጀመሩ። እናቶች እልል አሉ። አያትዮዋ በዘፈናቸው ሙሽራዋን ሲያሞግሱ አንገቷን በብርሌ መሰሉት።

የሙሽራው ጓደኞች አማርኛ ስለማያውቁ ምን እንዳሉ ጠየቁን። ከመካከላችን አንዷ ቸኩላ «ጻቫር ባክቡክ» ብላ ተረጎመችላቸው። የጠርሙስ አንገት ማለት ነው። ነገር ግን ይህ አነጋገር በዕብራይስጥ መንገድ ጠቦ መኪና የሚጨናነቅበት ቦታ መጠሪያ ነው። ጠረጴዛው ሙሉ ሳቀ። ሙሽራዋም አብራ ሳቀች። አያትዮዋ ሰው ሲስቅ አዩ፣ ለምን እንደሚስቅ ግን አላወቁም። ዘፈናቸውን ሳይጨርሱ ተቀመጡ።

ትምህርት ሲጀመር ይህን ለአስተማሪያችን ነገርናቸው። እሳቸውም ልጅቷ ቃሉን በትክክል ተርጉማ ሳለ የጠፋው ነገር ምን እንደሆነ ፈልገን እንድንመጣ አዘዙን። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ ያገኘነው መልስ ነው።

ማነጻጸር ምንድን ነው?

በአማርኛ ሰዋስው «እንደ» ወይም «የመሰለ» እያለ አንዱን ነገር ከሌላው ጋር የሚያስተያይ አነጋገር ተነጻጻሪ ዘይቤ ይባላል። «ጥርሷ እንደ ወተት ነው» ስንል ተነጻጻሪ ዘይቤ ነው። «እንደ» የሚለው ወጥቶ «ጥርሷ ወተት ነው» ከተባለ ደግሞ ተለዋጭ ዘይቤ ይሆናል። ሰው ላልሆነ ነገር የሰው ባሕርይ ሲሰጡት ሰውኛ ዘይቤ ነው። በዕብራይስጥ የሥነ ጽሑፍ ትምህርታችን እነዚህን ሦስቱን ዲሙይ፣ ሜታፎራ እና ሀአናሻ እያልን እንማራቸዋለን።

በማንኛውም ንጽጽር ውስጥ ሦስት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው የሚመሰለው ነገር ነው፤ ይህም የሙሽራዋ አንገት ነው። ሁለተኛው የሚመሰልበት ነገር ነው፤ ይህም ብርሌው ነው። ሦስተኛው ሁለቱን የሚያገናኛቸው ምክንያት ነው። ይህ ሦስተኛው ብዙ ጊዜ በአፍ አይነገርም፤ ሰሚው ከራሱ ያመጣዋል። ዘፋኙና ሰሚው አንድ ዓይነት ቤት ውስጥ ካደጉ ችግር የለም። እኛ ግን ብርሌ አይተን አናውቅም ነበር። ስለዚህ ሰሙን ይዘን ወርቁን ጣልነው።

ብርሌ

በጊቭዓት ኦልጋ ወደሚገኘው የአያትዮዋ ቤት ሄድን። መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቅናቸው። እሳቸውም ቡና አፍልተው አስቀመጡንና ስለ ብርሌ አስረዱን።

ብርሌ ጠጅ የሚጠጣበት የመስታወት ዕቃ ነው። ሆዱ ክብ፣ አንገቱ ቀጭንና ረዘም ያለ ነው። በየቀኑ የሚያዝ ዕቃ አይደለም። ለበዓል፣ ለሠርግ፣ ለተከበረ እንግዳ ይወጣል፤ ከዚያ ታጥቦ ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ ይቀመጣል። የሚያዘው በአንገቱ ስለሆነ የሚይዘው ሰው ይጠነቀቃል።

አያትዮዋ በወጣትነታቸው ጎንደር አጠገብ በወለቃ ሸክላ ይሠሩ ነበር። የቤተ እስራኤል እናቶች በሸክላ ሥራ የታወቁ መሆናቸውን እናንተ ከእኛ በላይ ታውቃላችሁ። እንደነገሩን የሸክላው ሆድ ትንሽ ቢጣመም ይቅር ይላል፤ አንገቱ ላይ ግን እጅ ከተንቀጠቀጠ ዕቃው ሁሉ ይበላሻል። ዕቃውን የሚያይ ሰውም ቀድሞ የሚያየው አንገቱን ነው።

ይህን ስንሰማ «ብርሌ አንገት» ማለት ቀጭን አንገት ማለት ብቻ እንዳልሆነ ገባን። በአንድ ቃል ሦስት መልእክት ተላልፏል። አንደኛ፣ ሙሽራዋ ቀጥ ያለችና ያማረች ናት። ሁለተኛ፣ በቤታችን ለክብር ቀን የምናወጣት ውድ ዕቃችን ናት። ሦስተኛ፣ የምትወስዷት እናንተ በጥንቃቄ ያዟት፤ ብትወድቅ አትጠገንም። ሦስተኛው መልእክት የተላከው ለሙሽራው ወገን ነበር። የሳቁትም እነርሱ ናቸው፤ ነገር ግን ጥፋቱ የእነርሱ አልነበረም። መልእክቱን በመንገድ ላይ የጣልነው እኛ ተርጓሚዎቹ ነን።

የዳዊት ግንብ

ከዚያ በኋላ በትምህርት ቤት ወደምናነበው ወደ ሺር ሃሺሪም ተመለስን። በግዕዝ መኃልየ መኃልይ ይባላል። ረቢ ዓቂባ ከመጻሕፍት ሁሉ ይህን መጽሐፍ ቅዱሰ ቅዱሳን ብለው እንዳከበሩት በሚሽና ተጽፏል። ሙሽራ የሚለው ቃል በምዕራፍ 4 እና በምዕራፍ 5 መጀመሪያ ላይ 6 ጊዜ ይገኛል።

በምዕራፍ 4 የሙሽራዋ ፀጉር ከገለዓድ ተራራ በሚወርድ የፍየል መንጋ ይመሰላል። ጥርሶቿ ተሸልተውና ታጥበው በሚወጡ በጎች፣ ከንፈሮቿ በቀይ ፈትል፣ አንገቷ ጋሻዎች በተሰቀሉበት የዳዊት ግንብ ተመስለዋል። ከዚህ በፊት ይህን በክፍል ስናነብ እንስቅ ነበር። እዚህ በባሕሩ ዳር ካለው ከኤሌክትሪክ ማመንጫው ጭስ ማውጫ በቀር ረጅም ነገር ስለማናውቅ አንዱ ልጅ «የሐዴራ ሙሽራ አንገቷ እንደ ጭስ ማውጫው ነው» ብሎ ቀልዶ ነበር።

ብርሌውን ከተማርን በኋላ ግን ሌላ ነገር አየን። የፍየል መንጋ ለእረኛ ሀብቱ ነው። ማታ ማታ መንጋው ከተራራ ሲወርድ ከሩቅ የሚያይ ሰው ልቡ ያርፋል፤ ሁሉም በሰላም ገብተዋልና። የታጠቡ በጎች ንጹሕና እኩል ናቸው፣ አንዱም አልጎደለም። ግንብ ከተማን ይጠብቃል፤ ጋሻ የተሰቀለበት ግንብ ደግሞ ያልተደፈረ ነው። ስለዚህ ገጣሚው የሙሽራዋን መልክ እንደ ፎቶግራፍ አላነሳም። በአገሩ ውድ የሆነውን ሁሉ አንድ በአንድ ሰብስቦ አለበሳት እንጂ።

ቀዩ ፈትልም የእናንተን ሥርዓት አስታወሰን። በቤተ እስራኤል ሠርግ ቄሱ በሙሽራው ግንባር ላይ የሚያስሩት ቀሸራ ነጭና ቀይ ነው። ነጩ የሙሽራውን ንጽሕና፣ ቀዩ የሙሽራዋን ድንግልና ያመለክታል። ይህም ንጽጽር ነው፤ ነገር ግን በቃል ሳይሆን በክር የተነገረ ነው።

የወይን አበባ

በአማርኛ የሠርግ ዘፈን ሙሽራዋ ብዙ ጊዜ በወይን አበባ ትመሰላለች። ይህን እናንተ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እኛ ግን የወይን አበባ ትልቅና ባለ ቀለም አበባ ይመስለን ነበር። ከሐዴራ በስተ ሰሜን በዝኽሮን ያዕቆብ ከ1882 ጀምሮ የተመሠረተ የወይን አገር ስላለ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በግንቦት ወር ሄደን አየን።

ፈልገን ልናገኘው አልቻልንም ነበር። አትክልተኛው በጣቱ ሲያሳየን በጣም ትንሽ፣ አረንጓዴ፣ እንደ ጤፍ ፍሬ የተጠጋጋ ነገር ነው። ለዓይን የሚስብ ምንም የለውም። ጠጋ ብለን ስናሸተው ግን ለስላሳ ጣፋጭ መዓዛ አለው። እያንዳንዷ ትንሽ አበባ ነገ የወይን ፍሬ ትሆናለች። ዘለላው ገና በአበባው ጊዜ ቅርጹ ይታያል።

እንግዲህ የቀድሞ ሰዎች ለዓይን ብቻ ቢያስቡ ኖሮ ጽጌረዳን ወይም አደይ አበባን ይመርጡ ነበር። በእርግጥ እነዚህንም ይጠቅሳሉ። የወይን አበባን ሲሉ ግን የሚናገሩት ስለ መዓዛዋና ስለ ነገዋ ነው። ሺር ሃሺሪምም በምዕራፍ 2 የጸደይን መምጣት ሲናገር ያበበው ወይን መዓዛ መስጠቱን ያነሣል። በጎንደር መንደር የሚዘፈነውና በኢየሩሳሌም የተነበበው በአንድ ትንሽ አበባ ላይ መገናኘታቸው እኛን በጣም አስደሰተን።

ሙሽራ ሁሉ ቆንጆ ናት?

አንድ ተማሪ ጥያቄ አነሣ። ሙሽራዋ አንገቷ አጭር ቢሆንስ? ዘፈኑ ውሸት አይሆንም ወይ?

ይህ ጥያቄ የቆየ ነው። በታልሙድ በክቱቦት መጽሐፍ በሙሽራ ፊት ሲጨፈር ምን ይባላል በሚለው ላይ የሻማይ ቤትና የሂሌል ቤት ተከራክረዋል። የሻማይ ወገን ሙሽራዋ እንዳለችው እንጂ ከዚያ በላይ መወደስ የለባትም ይላል፤ ኦሪት ከሐሰት ራቁ ብላለችና። የሂሌል ወገን ግን ሙሽራ ሁሉ ያማረችና ሞገስ ያላት ተብላ ትመሰገናለች ይላል። ሰው ገበያ ወርዶ አንድ ነገር ገዝቶ ቢመጣ በፊቱ እናሞግስለታለን እንጂ አናንቋሽሽበትም ብለው ይከራከራሉ። ልማዱም እንደ ሂሌል ወገን ሆኖ ቀረ።

እኛ ሁለቱንም ወገኖች ካየን በኋላ የአያቶቻችን ንጽጽር ክርክሩን እንደሚያቀልለው ተረዳን። ብርሌ ማለት አንገቷ ይህን ያህል ሴንቲ ሜትር ነው ማለት አይደለም። በዚህ ቤት ውድ ናት ማለት ነው። ይህም ስለ ማንኛዋም ሙሽራ እውነት ሊሆን ይችላል።

ሙሽራዋ ራሷ ስትናገር

በአንድ ነገር ላይ ግን ልዩነት አገኘን። በሠርግ ዘፈን የሚናገሩት ሚዜዎች፣ ዘመዶችና ጎረቤቶች ናቸው። ሙሽራዋ ተሸፍና፣ አንገቷን ደፍታ ትሰማለች። በሺር ሃሺሪም ግን ሴቲቱ ራሷ ትናገራለች። በምዕራፍ 5 ወዳጇን ከራሱ እስከ እግሩ እየመሰለች የምታወድሰው እርሷ ናት።

በምዕራፍ 1 ደግሞ ስለ ራሷ መልክ ትናገራለች። ጥቁር መሆኗንና ያማረች መሆኗን አንድ ላይ ትጠራና ራሷን ከቄዳር ድንኳኖችና ከሰሎሞን መጋረጃዎች ጋር ታስተያያለች። በዕብራይስጡ ሁለቱን ቃላት የምታገናኘው አንዲት ፊደል «እና» ልትሆን ትችላለች፣ «ነገር ግን» ልትሆንም ትችላለች። ይህን ስናነብ ክፍሉ ጸጥ አለ። በአማርኛ ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር እየተባለ የሰው መልክ በብዙ ስም ይጠራል፤ ዘፈኖቻችንም ጠይሟን በጣም ያወድሳሉ። በዕብራይስጥ ግን እኛ ሁላችንም በአንድ ቃል እንጠራለን፤ ቃሉም ሁልጊዜ ለውዳሴ አይነገርም። በክፍላችን ያሉ ሴቶች ልጆች ፊደሏን «እና» ብለን ለማንበብ ተስማማን።

ሌላም ነገር በክብር ልንጠይቃችሁ እንወዳለን። አያትዮዋ ሲዳሩ ከእኛ ያነሰ ዕድሜ ነበራቸው። እንቡጥ እየተባለ ሲዘፈንላቸው በመሸፈኛው ውስጥ ሆነው ያለቅሱ እንደነበረና የዘፈኑን ትርጉም ያወቁት የገዛ ልጃቸውን ሲድሩ እንደሆነ ነገሩን። ዛሬ የጋብቻ ዕድሜ በኢትዮጵያ ከ2000 የቤተሰብ ሕግ ወዲህ፣ በእስራኤልም ከ2013 ወዲህ 18 ዓመት ነው። እኛም በዚህ ደስ ይለናል። ውብ ንጽጽር የዘፋኞቹን ምኞት ይነግረናል፤ የሙሽራዋን ልብ ግን ሁልጊዜ አይነግረንም። ስለዚህ ዘፈኑን ስንማር እናቶቻችን በዚያ ቀን ምን እንደተሰማቸውም ልንጠይቅ ይገባናል።

ሰንበትና ሕዝብ እንደ ሙሽራ

እስካሁን ያየነው ሙሽራ በሌላ ነገር ስትመሰል ነው። ተገልብጦም ይመጣል፤ ሌላው ነገር በሙሽራ ይመሰላል። በ16ኛው መቶ ዓመት በጽፋት የኖሩት ረቢ ሽሎሞ አልካቤጽ በደረሱት ሌኻ ዶዲ ሰንበት እንደ ሙሽራ ትቀበላለች። ይህ መዝሙር ዛሬ ዓርብ ማታ በሐዴራ ምኩራቦች ሁሉ ይሰማል። የቤተ እስራኤል መጽሐፍ በሆነው በትእዛዘ ሰንበትም ሰንበት እንደ ሴት ሆና በእግዚአብሔር ፊት ስለ ነፍሳት ትማልዳለች። ይህን መጽሐፍ ዮሴፍ ሃሌቪ በ1902 በፓሪስ አሳትሞታል። ሁለቱ ወገኖች ሳይተዋወቁ ሰንበትን በሰውኛ ዘይቤ አከበሯት።

ነቢዩ ኤርምያስ ደግሞ በምዕራፍ 2 ሕዝበ እስራኤልን በሙሽራ ይመስላል። ይህች ሙሽራ ዘር በማይዘራበት ምድረ በዳ አምላኳን ተከትላ የሄደች ናት፤ እርሱም ያን ጊዜ እንደሚያስብላት ይነገራል። ይህን ምዕራፍ ለአያትዮዋ በአማርኛ ስናነብላቸው ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያም በሱዳን መንገድ አብራቸው ስለነበረች አንዲት አዲስ ሙሽራ አወሩን። የሠርግ ልብሷን በጥቅል ተሸክማ በሌሊት ትጓዝ ነበር፤ ከካምፑ ግን አልወጣችም። በዚያ መንገድና በካምፖቹ ወደ 4,000 የሚጠጉ ወገኖቻችን እንደሞቱ ይነገራል። ከ1984 መጨረሻ እስከ 1985 መጀመሪያ በሙሴ ዘመቻ፣ በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ የመጡት ወደዚህ አገር ሲደርሱ ብዙዎቹ ዕቃ አልያዙም ነበር። ብርሌው እዚያው ቀረ። ቃሉ ግን በአፍ ተጓዘ። በዚያ ሠርግ ላይ የሳቅንበት ይህን ያህል መንገድ የመጣ ቃል ነው።

ማጠቃለያ

ከዚህ ጥናት የተማርነው ይህ ነው። ንጽጽር የሙሽራዋን መልክ አይስልም፤ ከዘፋኙ ቤት ውድ የሆነውን ነገር አውጥቶ ለእርሷ ይሰጣል። ስለዚህ ቤቱን የማያውቅ ሰው ስጦታውን አያውቅም። የዘፈኑን ቃል ብቻ መቅዳት አይበቃም፤ ብርሌው ምን እንደነበረ፣ መቼ ይወጣ እንደነበረ፣ ማን ያጥበው እንደነበረ ባለቤቶቹ ሳሉ መጠየቅ አለብን።

እኛም ከምናውቀው ነገር ለመመሰል ሞከርን። ሐዴራ በ1891 ስትመሠረት ረግረግ ነበረች፤ ረግረጉን ለማድረቅ ባሕር ዛፍ ተተከለ፣ በኋላም የብርቱካን እርሻ በዙሪያዋ በዛ። ብርቱካን ሲያብብ አየሩ ሁሉ ይሸታል። ስለዚህ ይህችን ግጥም ለሙሽራዋ ጻፍንላት፦

የሐዴራ ብርቱካን ሲያብብ በመጋቢት፣
መዓዛሽ ደረሰ ካያታችን ቤት።

ግጥሟን ለአያትዮዋ አነበብንላቸው። ሁለተኛው መስመር ጥሩ እንደሆነ፣ የመጀመሪያው ግን ገና እንዳልበሰለ ነገሩን። ከዚያም በሠርጉ ቀን ያቋረጡትን ዘፈን እስከ መጨረሻው ዘፈኑልን። እኛም በስልክ ቀዳነው። ለሙሽራውና ለጓደኞቹም በዕብራይስጥ ጽፈን ላክንላቸው፤ «ጻቫር ባክቡክ» በማለት ፋንታ ይህች ልጅ የቤታችን የክብር ዕቃ ናት፣ በጥንቃቄ ያዟት ብለን ተረጎምነው።

በቤት ለመወያየት

1. በሠርጋችሁ ቀን በምን ተመሰላችሁ? ያ ነገር ዛሬ በቤታችሁ አለ ወይ?
2. የሚመሰልበት ነገር በእስራኤል የማይገኝ ሲሆን ለልጆቻችሁ እንዴት ታስረዳላችሁ?
3. ሙሽራዋን ከሐዴራ ነገሮች በምን ትመስሏታላችሁ?

መልሳችሁን በአማርኛም ሆነ በትግርኛ ብትነግሩን ጽፈን በሚቀጥለው መጽሔታችን እናወጣዋለን።